ያልተነበበው ገጽ

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ አልጋቸው ላይ እንደተኙ ሞተው ተገኙ። ሐኪሙ ደማቸውን አስመርምሮ፣ በየቀኑ ሊውጡት የሚገባው የልብ መድኃኒት ሰውነታቸው ውስጥ ከገባ ሰንብቷል አለ። ክኒኑን ጠዋት ጠዋት በእጇ የምትሰጣቸው ደግሞ አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ናት። ከዚያ ወዲያ የሰፈር አፍ ማን ይያዘው? «አባቷን ገደለች» ተባለ፤ መታሰሯም የማይቀር መሰለ።

ጉዳዩ የደረሳት መርማሪ ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» የሚሏት ሴት ናት። እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ትጠብቃለች እያሉ ሲያሾፉባት አብራ ትስቃለች። ያን ቀን ግን ሳቅ አልመጣላትም። ልጅቷ የአባቷን መነጽር ጨብጣ፣ ፊቷ በልቅሶ አብጦ ተቀምጣለች።

«ክኒኑን አፋቸው ውስጥ ሲከቱት በዓይኔ አይቻለሁ» አለች።

ጎረቤታቸው፣ አንዲት እናት፣ ሽማግሌው ሰሞኑን ጭው ያለ ዝምታ ውስጥ ገብተው እንደነበር ነገሯት። «አንድ ቀን ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለን፣ ‹ሽማግሌ የልጁን ዕድሜ ተበድሮ ነው የሚኖረው› አሉኝ። ምን ነካቸው ብዬ ክው አልኩ።»

መርማሪዋ ክፍሉን ቃኘች። የልብስ ስፌት መኪናው፣ መቀሱ፣ ሜትሩ ሁሉ ያረጀ ነው። የመርፌ መሰኪያዋ ትራስ ግን አንድ ጎኗ በአዲስ ክር፣ ዓይን በጭንቅ በሚለየው ረቂቅ ስፌት ተዘግቷል። ስትጫናት ውስጧ ጠጠር ጠጠር አለ። ተርትራ ብታያት ክኒን ሞልቷታል።

ጠረጴዛው ላይ ልጅቷ ለእንግሊዝኛ ኮርሷ የጻፈችው ድርሰት አለ፦ ያረጁ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ይኑሩ ወይስ መጦሪያ ይግቡ? የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያ የብድር ነገር ቃል በቃል ተጽፏል። ሁለተኛው ገጽ ግን የዚህን ተቃራኒ ይላል። መርማሪዋ ግራ ገብቷት ወደ ኮርሱ አስተማሪ ሄደች።

«ድርሰት ሚዛን ይኑረው ካልን፣ መጀመሪያ የማያምኑበትን ወገን ነው የማስጽፋቸው» አላት። «ተቃዋሚያቸው ራሱ ‹እኔም እንዲህ አሳምሬ አልናገርም› እስኪል ድረስ። የልባቸው ሁለተኛው ገጽ ላይ ይመጣል። ወንድሟንም ያስተማርኩት እንዲሁ ነው።»

በማግስቱ አራት ሰዎችን በሽማግሌው ክፍል ሰበሰበች፦ ልጅቷን፣ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ የሆነውን ወንድሟን፣ ጎረቤቲቱንና አስተማሪውን።

«መድኃኒቱን የከለከላቸው የለም» አለች መርማሪዋ። «ክኒኑን ምላሳቸው ሥር ይይዙና ልጃቸው ዞር ስትል እዚህች ትራስ ውስጥ ይከቱታል። ይህን ስፌት ከሳቸው እጅ በቀር ማንም አይሰፋውም። ሸክም ነኝ ብለው ነው የተዉት። እንዲያ ያሰኛቸው ደግሞ የልጃቸው ድርሰት የመጀመሪያው ገጽ ነው። እሳቸው እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ስለዚህ ያነበበላቸው ሰው አለ። ሁለተኛው ገጽ መኖሩን የማያውቅ ሰው ቢሆን ስህተት ነው እል ነበር።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «አንተ ግን ታውቃለህ።»

ወንድምየው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አባቱ «ልጄ የጻፈችውን እስቲ አንብብልኝ» ብለው በኩራት የጠየቁት እሱን ነበር።

«ሁልጊዜ እሷ፣ እሷ ይሉ ነበር» አለ። «አንድ ቀን ብቻ ቅር እንድትላቸው ፈለግኩ። የቀረውን ነገ አነብላቸዋለሁ አልኩ። ነገ ስል፣ ነገ ስል...»

እህቱ እንግዲህ ከወንጀሉ ነጻ ናት፤ ደስታ ግን ማን አየበት? ለወንድምየው ጥፋትም መርማሪዋ የምታውቀው አንቀጽ የለም። ልጅቷ ተነስታ ሁለተኛውን ገጽ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«አንብብላቸው» አለችው።

ወደ ባዶው አልጋ ዞሮ እንዲህ ብሎ ተረጎመ፦ «አባቴ ዕድሜዬን አልተበደሩኝም። ለክተው የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው።» እስከ መጨረሻው መስመር አነበበ።