የታጠቡት ዛፎች

ከአዳማ ወደ ሁሩታ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የሲሚንቶ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ፣ አቶ ኃይለየሱስ፣ ከነከረባቱ አቧራ ማጣሪያው ክፍል ውስጥ ታፍኖ ሞቶ ተገኘ። በሩ ከውጭ ተቀርቅሯል፤ ማጣሪያውም ይሠራል። መሥራቱ ራሱ ጉድ ነው። ያ ማሽን እንደ እንግዳ ሳህን የሚወጣው የአካባቢ ጥበቃ ኦዲተሮች ሲመጡ ብቻ ነበር።

ፖሊሶች ጊዜ ሳያጠፉ ዘበኛውን ጋሽ ጋዲሳን ያዙ። አቧራው ደረቷን የጨረሰባትን ልጁን የቀበረ ዕለት፣ «አለቃውም በዚሁ አቧራ ይታፈን» ብሎ መራገሙን ያልሰማ የለም። ሽማግሌው እርግማኑን አልካደም፤ አልገደልኩም አለ እንጂ። ማን ይስማው!

ኢንስፔክተር ሱሃይላ ግን ጥድፊያ አትወድም። የፋብሪካው መግቢያ በር ላይ ያሉትን ዛፎች አየች፤ ቅጠላቸው ገና ውኃ ያንጠባጥባል።

«ጋሽ ጋዲሳ፣ ዛፎቹን ለምን አጠቧቸው?»

«ኦዲት ሲመጣ አቧራው እንዳይታይ ነዋ። ትናንት አለቃው ሁላችንንም ሰብስቦ ነገ ይመጣሉ አለን።»

ተጠርታ የመጣችው ኦዲተር ዋፊቃ ግን ለዚያን ቀን ምንም ጉብኝት እንዳልነበራቸው፣ ሲመጡም ሁልጊዜ ቀድመው እንደሚደውሉ ተናገረች። ማሽኑን የፈለሰፈው መሐንዲስ ማናሴም ወሬውን እንደ ሰው ሁሉ ከአለቃው አፍ እንደሰማ ነገራት።

ሱሃይላ ሦስቱን ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ሟቹ ከረባት አስሯል፤ ጋሽ ጋዲሳ ዛፍ አጥበዋል፤ ሠራተኛው አዲስ ሄልሜት አድርጓል። ሁሉም ኦዲት አለ ብሎ አምኗል። ማናሴ፣ ዋፊቃ እንደነገረችኝ በኦዲት ቀን ማሽኑን የምታስረዳው ከረባት አስረህ ነው። ዛሬ ግን ግራሶ በጠጣ ቱታ መጣህ። እንደማይመጡ ማን ነገረህ? ደውለዋል ብለህ ወሬውን ለአለቃህ የፈጠርክለት አንተው ነህ። ከኦዲት በፊት ራሱ ገብቶ እንደሚፈትሽ ታውቃለህ። ገባ፤ ቀረቀርክበት፤ ማሽኑን አስነሳህ።»

ማናሴ አልተከራከረም። «ደግ አደረግኩ» አለ። «አቧራ የሚያስቀር፣ ከሰል የሚቆጥብ ማሽን ሠራሁ። ሽልማቱን አለቃዬ ወሰደ፤ መብራት ይበላል ብሎም ማሽኑን አጠፋው። እስኪ ሲሠራ ውስጡን ይየው አልኩ።»

ሱሃይላ ወደ ዋፊቃ ዞር አለች። ቀድማችሁ ባትደውሉ ኖሮ ማሽኑ በየቀኑ ይሠራ ነበር አለቻት።

ማናሴ እጁ በካቴና ሲታሰር ሽማግሌውን አየ። «ጋሽ ጋዲሳ፣ የልጅዎንም ደም መልሻለሁ።»

ጋዲሳ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«የልጄን ስም አትጥራ። እሷ ስታስል፣ አንተ ከረባትህን አስረህ ኦዲተሮቹን ማሽኑ ቀን ከሌት ይሠራል ትላቸው ነበር።»