ከደጅ የራቀ እንሰት

«ሴትዮዋ የምትለው፣ ልጄ የወደቀበትን አሳዩኝ ነው» አለ አስተርጓሚው ተረፈ። «ሻምበሉ ደግሞ ልጅቷ ታውቃለች ብሏል። በይ፣ የት ነው?»

ከሰፍያ ፊት ከቡታጅራ በካሚዮን የመጡ ዐሥራ ሁለት ፈረንጆች ቆመዋል፤ አንዱ ፎቶ ማንሻውን ያስተካክላል፣ ሌላው ላቡን ይጠርጋል። የሴትዮዋ ልጅ የሞተበት ውጊያ ከተደረገ ዛሬ ልክ አንድ ዓመቱ ነው። ጣሊያናዊው ሻምበል ከጠዋት ጀምሮ በከዘራው እያመለከተ «ጠላት በዚህ መጣ፣ በዚህ ሸሸ» እያለ ሲያስጎበኛቸው ዋለ። ውሸቱን ነው! የሸሸ ሰው አልነበረም። ያኔ ቆጥ ላይ ተደብቃ በክዳኑ ቀዳዳ ሁሉንም ያየችው እሷ ናት።

መንገድ መሪ የሆነችው ወዳ አይደለም። ሻምበሉ «ውጊያውን ያየ፣ አማርኛ የሚችል ሰው አምጡ» ሲል የመንደሩ ሰው አንገቱን ደፋ፤ ጭቃ ሹሙ ግን ጣቱን ወደ እሷ ቀሰረ። አባቷ ሸምሶ አዲስ አበባ ሲነግድ ሁለት ዓመት አብራው ስለኖረች አማርኛ ትችላለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንዝ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንስተው ይሄዳሉ። ጎረቤቷ እትዬ ወለተ ሐና እንኳ ሰላምታዋን መመለስ ትተዋል። ቤትም የሚያነጋግራት የለም፤ አያቷ ከታመሙ ወዲህ አንደበታቸው ተዘግቷል። ዛሬ ጠዋት ያነጋገረችው ላሟን ብቻ ነው።

ሰዎቹ ምን እንደፈሩ ታውቃለች። አሁን ከቆሙበት አርባ እርምጃ ሳይሞላ፣ አፋፉ ላይ፣ ዘጠኝ እንሰቶች አሉ። ከውጊያው በኋላ ሻምበሉ የአርበኞቹ ሬሳ እንዳይነሳ፣ የቀበረ ሰው ቤቱ እንዲቃጠል አዝዞ ነበር። የመንደሩ ሴቶች ግን ጉም አገሩን በሸፈነበት አንድ ማለዳ፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይሉ ዘጠኙንም ቀበሯቸው። የተቆፈረው አፈር እንዳይታወቅ እንሰት ተከሉበት። ከዘጠኙ አንዱ ሸምሶ ነው፤ አንዱ የእትዬ ወለተ ሐና ባል ነው። በጥድፊያ ስለተቀበሩ የትኛው እንሰት የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

የፈረንጇ ልጅ የወደቀውም እዚያው፣ አሁን እንሰቶቹ ባሉበት ነው። ካሚዮኑ ላይ የድንጋይ መስቀልና አራት አካፋ ተጭኗል። ሰፍያ እውነቱን ከተናገረች እዚያ ይቆፍራሉ።

ሴትዮዋ ቀረበቻት። ጥቁር ለብሳለች። የያዘችው ፎቶግራፍ ላይ ያለው ልጅ ጆሮው ሰፊ ነው፤ ይስቃል። በጣሊያንኛ የሆነ ነገር አለቻት፤ ሰፍያ አንዲት ቃል አልገባትም፣ ግን አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። አንጀቷን በላቻት። እሷም እኮ ዓመቱን የከረመችው «አባቴ የቱ ጋ ነው?» ብላ የምትጠይቀው ሰው አጥታ ነው።

«እዚያ ታች» አለች በመጨረሻ። «ወይራው ሥር ነው የወደቀው።»

ፈረንጆቹ ቁልቁል ወረዱ። ተረፈ ግን ቆሞ ቀረ። የአገና ሰው ነው፤ እንሰት መሃል ያደገ። ዓይኑ አፋፉ ላይ ነው።

«እንሰት የሚተከለው ጓሮ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «በየማለዳው ፍግ እንዲደፋለት። ከደጅ አርቆ የሚተክል ሰው አይቼ አላውቅም። የማን ነው?»

«የ... የእኛ ነው።»

«ዘጠኝ ብቻ?»

ሻምበሉ ከታች «ተረፈ!» ብሎ ተጣራና በከዘራው እንሰቶቹን እያሳየ አንድ ነገር ጠየቀ። ተረፈ በጣሊያንኛ መለሰለት። መልሱ ረጅም ነበር። ሰፍያ የሻምበሉን ፊት ታያለች። ሻምበሉ ሳቀና ወደ ወይራው ዞረ።

«ምን አሉት?»

«ልጅቷ ሰነፍ ናት፣ እንሰት መትከል እንኳ አታውቅም አልኩት።» ከዚያ ሳያያት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። እኔ ያየሁትን ሌላም የአገር ሰው ያየዋል። ያ ሰው ደግሞ ዝም ላይል ይችላል።»

ትቷት ወረደ። ታች ሴትዮዋ ተንበርክካ የወይራውን ሥር አፈር በመሐረቧ ትቋጥራለች። ሰፍያ ማየት አልቻለችም፤ ፊቷን አዞረች። «እዚያ አይደለም፣ እዚህ ነው» ብትላት ምንኛ በወደደች!

በማግስቱ ማለዳ በረቱን ጠርጋ ፍጉን በእንቅብ ሞላች። ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ ወደ አፋፉ ዝር ያላሉት ጠላት እንዳይጠረጥር ብለው ነው። ለካ የሚያጋልጣቸው ያው አለመሄዳቸው ነበር።

እትዬ ወለተ ሐና ደጃቸው ላይ ቆመዋል።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ?»

እሳቸው ወደ መንገዱ አሻግረው ተመለከቱ።

«አላሳየኋቸውም» አለች ሰፍያ። «እንሰቶቹ ግን ፍግ ይፈልጋሉ። ቢጫ ሆነዋል።»

ቆማ ጠበቀች። እትዬ ወለተ ሐና አዩዋት፣ እንቅቡን አዩ፣ ከዚያም ዞረው ወደ ቤታቸው ገቡ። ሰፍያ እንባዋ መጣ። ይሁን፣ አለች በልቧ፤ ነገም ከነገ ወዲያም ብቻዬን እወጣለሁ። ዳገቱን ተያያዘችው።

እኩሌታው ላይ ስትደርስ ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። እትዬ ወለተ ሐና ናቸው፤ ፍግ የሞላ እንቅብ ተሸክመው እያለከለኩ ይከተሏታል። አሁንም አልተናገሯትም።

ሰፍያ እስኪደርሱባት እርምጃዋን ቀነሰች።