ከሰባት እስከ አስር

«ሂያም፣ እስቲ ይቺን መስመር እያት! ሽቅብ ስትወጣ አታምርም?»

ኤፍራታ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጣቷን ስክሪኑ ላይ ባለው ግራፍ አስኬደች። የተከራዩዋት ፒክአፕ ከአዋሽ ከወጣች ሦስት ሰዓት ሊሆናት ነው፤ ገዋኔ ተቃርባለች። ሂያም መስመሯን አየት አድርጋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ታምራለች» አለች።

«ያንቺ ቁጥር ነው እኮ ያሳመራት! በቃ ቀወጥሽው!»

ኤፍራታ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራ ተማሪ ናት። አዋሽ ውስጥ የሂያም እናት ግቢ ክፍል ተከራይታ መኖር ከጀመረች ዓመት አልፏታል። ሥራዋን ለሂያም እናት ማስረዳት ግን አልተቻለም። «ይህን ሁሉ ተምራ ሳር ትቆጥራለች! ያረቢ!» ይላሉ ሻይ ቤታቸው ለመጣ ሰው ሁሉ። አልተሳሳቱም፤ እውነትም ትቆጥራለች። ፕሮሶፒስ የሚሉት እሾሃም ዛፍ ከውጭ መጥቶ የአፋርን ግጦሽ ውጦታል። ኤፍራታ አዋሽ አጠገብ ዛፉ ተነቅሎ በታጠረ መሬት ላይ አሥር መደቦች ለይታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የብረት ማዕቀፍ እያስቀመጠች፣ ውስጡ የበቀለውን ያገሩን ሳር አንድ በአንድ ትመዘግባለች። ነገ ጠዋት ውጤቱን መምህራኑ ፊት ታቀርባለች፤ ካሳመነቻቸው ዶክትሬቷን ትቀጥላለች። የዘጠነኛ ክፍሏ ሂያም የቅዳሜ ረዳቷ ስለሆነች፣ ዩኒቨርሲቲውን እንድታይ ይዛት እየሄደች ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ኤፍራታን ወባ ጣላት። ሂያም «አንቺ ተኚ፣ እኔ እቆጥረዋለሁ» ብላ ከመንገድ መሪያቸው ከጋሽ አብዱናሲር ጋር ሄደች። እስከ ስድስተኛው መደብ ድረስ እንደ ደንቡ ቆጠረች። ሰነፍ ልጅ አይደለችም፤ የአዋሽ ፀሐይ ግን ለጎበዝም አያዝንም። ጋሽ አብዱናሲር ዙህር ሊሰግዱ ዞር ሲሉ ግራር ጥላ ሥር ቁጭ አለች። ቁጭ ካሉ ደግሞ መነሳት አለ? ከዚያ በፊት የነበረውን ሳምንት ቁጥር እያየች ከሰባት እስከ አስር ያሉትን መደቦች ሞላች። እዚህ ላይ ሁለት፣ እዚያ ላይ ሦስት ጨመረች። «ሳር አይደል፣ ያድጋል» አለች በልቧ። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም።

ገዋኔ ላይ፣ ከፊት ተቀምጠው ከመጡት ከጋሽ አብዱናሲር ጋር ለምሳ ወረዱ። ገና ምግብ ቤቱ በር ላይ ሳሉ፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ያጋደሙ አዛውንት የጋሽ አብዱናሲርን እጅ ያዙ። ዳጉ ተጀመረ። አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ወሬ ሳይለዋወጥ አይለያይም፤ ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ ብሎ ለይቶ ይናገራል። ዳጉ ላይ የዋሸ ሰው ሁለተኛ የሚያምነው አያገኝም።

ሂያም አዋሽ ያደገች ናትና አፋርኛ አይጠፋትም። አዛውንቱ የጠየቁት ዛፉ በተነቀለበት ቦታ ሳር ስለመብቀሉ ነው። ወንድሞቻቸው የራሳቸውን መሬት ለመመንጠር ይህን ወሬ እየጠበቁ ኖሯል።

«ስድስቱ ቦታ ላይ በቅሎ አይቻለሁ» አሉ ጋሽ አብዱናሲር። «አራቱን ግን ሶላት ላይ ስለነበርኩ አላየሁም። ይቺ ልጅ አይታለች።» ወደ ሂያም ዞረው በአማርኛ፣ «ንገሪያቸው ልጄ» አሏት።

ሂያም ወደ አዛውንቱ ቀና አለች። ኤፍራታ አጠገቧ ቆማ ፈገግ ብላለች። «በቅሏል» ብትል አንድ ቃል ነው፣ አበቃ። ወረቀቱ ላይ ስትጽፍ ማንም አላያትም ነበር፤ እኚህ ሰው ግን ዓይን ዓይኗን እያዩ ይጠብቃሉ። አምነዋታል፣ ጉዱ እሱ ነው።

«አላየሁም» አለች፣ ኤፍራታም እንድትሰማ በአማርኛ። «ከሰባት እስከ አስር ያሉትን አልቆጠርኩም። ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ነው የጻፍኩት።»

ጋሽ አብዱናሲር ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተረጎሙት። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ስድስቱን እናገራለሁ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ኤፍራታ ወደ ፒክአፗ ተመልሳ ገባችና ላፕቶፗን ከፈተች። ሂያም ተከትላት ሄዳ ውጭ ቆመች።

«ነገ እኮ ነው፣ ሂያም! በማርያም፣ ነገ!» የኤፍራታ እንባ መጣ። «ደከመኝ ብትዪኝ ምን አደርግሽ ነበር?»

«ፈራሁ። በቁጥሩ ስትደሰቺ ደግሞ ባሰብኝ። አሁኑኑ ተመልሼ ልቁጠረው?»

«ዛሬ የቆጠርሽው የዛሬ ነው። ያለፈውን ቅዳሜ ማንም አይመልሰውም።»

ኤፍራታ አራቱን ቁጥሮች አጠፋቻቸው። ያቺ ሽቅብ ትወጣ የነበረች መስመር ጫፏ ላይ ቁልቁል ተሰበረች። ከመንገዱ ማዶ የሚኒባስ ረዳት «አዋሽ! አዋሽ!» እያለ ይጮሃል።

«ከፈለግሽ በሱ ተመለሽ» አለች ኤፍራታ በመጨረሻ። «መምህራኑ ፊት መቆም የለብሽም። አልተቆጠረም ብዬ አልፈዋለሁ።»

«ለምን አልተቆጠረም ቢሉሽስ?»

«እንጃ።»

ሂያም ሚኒባሱን አየችው። አሁን ብትሳፈር ለአስር ሰዓት ቤቷ ናት። እጇን ዘረጋች። «ላፕቶፑን ስጪኝ።»

ኤፍራታ ትንሽ አመንትታ ሰጠቻት። ሂያም ከባዶዎቹ ረድፎች ትይዩ፣ ማስታወሻ በሚለው ሳጥን ውስጥ፣ ፊደሉን በአንድ ጣቷ እየፈለገች ጻፈች፦ «አልተቆጠረም። ልትቆጥር ኃላፊነት የወሰደችው ሂያም ናስር ነበረች።»

«ከጠየቁሽ እኔ እመልሳለሁ» አለች።

ኤፍራታ አነበበችው። ፊቷ አልተፈታም፤ ቁጣዋም ገና አልበረደም። ቢሆንም አጠገቧ ያስቀመጠችውን ቦርሳ አንስታ ቦታ ለቀቀችላት። ሚኒባሱ ሞልቶ ወደ አዋሽ ሲነሳ ሂያም ፒክአፗ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።