ፀረ-ቫይረሱን ማን አበራው?

የጌም ሱቁ ባለቤት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ የማውሱ ገመድ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ሞቶ ተገኘ። ታናሽ ወንድሙ እጁ በካቴና ታስሮ ጥግ ቆሟል። ትናንት «አንድ ቀን አንቄህ ነው የምገላገልህ!» ሲለው ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ ሰፈሩ መቼም የማይሰማው የለም።

መርማሪዋ ገባች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ፊቷ ላይ ግን ደፍሮ የሚጠራት የለም። ሬሳውን አየት አድርጋ ኮምፒውተሩ ላይ አፈጠጠች።

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው ታናሽየውን።

«በዚሁ በተሰረቀ ጌም ነዋ! ከኢንተርኔት እያወረደ ለሰው ይጭናል። ቫይረስ አለበት፣ የሰው ንብረት ይበላል፣ ተው ብለው አልሰማ አለኝ።»

«ሲጭን ምን ያደርጋል?»

«መጀመሪያ ፀረ-ቫይረሱን ያጠፋዋል። አለዚያ ጌሙን አላስገባም ይላል። እዚህ ቤት በርቶ አያውቅም።»

ስክሪኑ ላይ ጌሙ ግማሽ መንገድ ተጭኖ ቆሟል። ከሥሩ በቀይ፦ «ሁለት አደገኛ ፋይሎች ተሰርዘዋል»።

«አንዱ ጌሙ ነው። ሌላውስ?»

ታናሽየው ጠጋ ብሎ አየና አቀረቀረ። 

«እኔማ እህቴ፣» አለች የሟች ሚስት እንባዋን እየጠረገች፣ «ይሄን ዕቃ ማብራትም አላውቅበት። ጣውንቴ ነበር።»

ከጎኗ ሆኖ የሚያጽናናት ጎረቤታቸው ፎቶ አንሺው ነው።

«ለእርስዎም ጌም ይጭንልዎት ነበር?» አለችው ወንፊት።

«አንዴ፣ ለልጄ። ከዚያ ወዲህ እንኳን ጌም፣ ፀረ-ቫይረስ ሳላበራ ፍላሽም አልሰካ።»

ወንፊት ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበች።

«ሟች ጌም እየጫነ ስለነበር ፀረ-ቫይረሱ ጠፍቷል። አንቆ የገደለው ሰው ግን አብርቶታል፤ ጌሙም እዚያው ላይ ቀረ። ሚስት ኮምፒውተሩን እንኳ ማብራት አታውቅም። ወንድም ፀረ-ቫይረሱ ጠፍቶ ነው የሚያውቀው፤ ሊያበራው ምን አስቦ? ፍላሽ ከመሰካቱ በፊት እጁ ሳያስበው ወደዚያ የሚሄድ አንድ ሰው ነው።» ወደ ፎቶ አንሺው ዞረች። «ምን ልትገለብጥ ነበር?»

ፎቶ አንሺው አልካደም።

«የሞተችብኝን ልጄን ፎቶ። ለወንድሟ ያስጫንኩት ጌም የሷን ሁሉ በላብኝ። ዲስኬ እዚህ ሲጠገን የተረፈ ካለ ብዬ ልለምነው ብመጣ፣ ‹ለነፃ ነገር ማን ዋስትና ሰጠህ?› ብሎ ሳቀብኝ። እየሳቀ ወደ ጌሙ ዞረ። እየሳቀ ሸኘሁት። ፈለግሁ፣ ፎቶው የለም። እሱን በመግደሌ ግን አይቆጨኝም!»

ካቴናው ወደ እሱ እጅ ተሻገረ። ታናሽየው አንጓውን እያሻሸ ቀረበው፤ ድምፁን አላነሳም።

«ጋሼ፣ ዲስክህን ለጥገና ስታመጣ የልጅህን ፎቶዎች ገልብጬ እዚህ አስቀምጬልህ ነበር። ወንድሜ አያውቅም። ከነቫይረሱ በአንድ ፋይል አሽጌ፣ አጽድቼ ልሰጥህ ብዬ። ሁለተኛው ፋይል እሱ ነው። ፀረ-ቫይረሱን አንተ ስታበራው ጠርጎ ጣለው።»

ፎቶ አንሺውን ፖሊሶቹ ደግፈው አወጡት።

«ባትነግረው ምን ነበር?» አለች ወንፊት ቀስ ብላ።

ታናሽየው የወንድሙን ዓይን በእጁ ከደነ።

«ሊቆጨው ይገባል» አላት።