በሩ ላይ ማንም አልነበረም

የሟቹ የዞርዚ ሸሪክ ኒኮሎ እንዲህ አለ፦ «የጁምዓው አዛን ካበቃ በኋላ በመስኮቴ አየሁ። ደላላው ያኩት እጅጌው ደም ነክቶት በግቢው በር ሮጦ ወጣ። በሩ ላይ ማንም አልነበረም።»

ያኩት ደግሞ እንዲህ አለ፦ «ዞርዚን ጠዋት ደህና ትቼው ወጣሁ። በሶላት ሰዓት መስጊድ ነበርኩ።»

ዞርዚ በእስክንድርያ በሚገኘው የቬኒስ ነጋዴዎች ግቢ፣ በቁንዶ በርበሬ ጆንያዎች መካከል ጀርባው ላይ ተወግቶ ተገኝቷል። የቬኒሶቹ ቆንስል ፋንቲን «ያኩት ካልተሰቀለ አንድ ጆንያ አንገዛም» ብሎ ለአገረ ገዢው ላከ። አገረ ገዢውም ገበያው እንዳይዘጋበት ያኩትን አሰረ፤ ነገ ሊሰቅለው ነው።

የጉምሩኩ መርማሪ ሰንጀር ወደ ግቢው ሲገባ አሳማውን ይመግብ የነበረው ዳቦ ጋጋሪው ቶኒን ምራቁን እንትፍ አለ።

«ለእኔ ነው ለአሳማህ?»

«አሳማዬ ምን በደለኝ?»

ሰንጀር ሳቀ። «ትናንት በሶላት ሰዓት የት ነበርክ?»

«የት እሄዳለሁ? እናንተ ስትሰግዱ እኛን እንደ ዶሮ ከውጭ ትቆልፉብን የለ! ዱቄቴ ወፍጮ ቤት ቀርቶ በሩን ስደበድብ ነበር። ዞርዚ ነፍሱን ይማረውና ‹ዛሬ ጦም አሳደርከን› ብሎ ስቆብኝ ወደ መጋዘን ገባ። ቆንስሉ ደግሞ ‹አታዋርደን› እያሉ እስኪከፈት ድረስ አጠገቤ ቆመው ሲቆጡኝ ነበር።»

«ሌሎቹ ነጋዴዎችስ?»

«ወደ መርከቦቹ ወርደው ነበር። ላይ ቤት ኒኮሎ ብቻ ነበር።»

ሰንጀር ወደ ኒኮሎ ክፍል ወጣ። ከመስኮቱ በሩ ፊት ለፊት ይታያል።

«ከደማስቆ መቼ መጣህ?»

«ረቡዕ። እዚያ ከተማው ውስጥ ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው። ሌሊት ሌሊት ከውጭ ሲቆለፍብኝ የመጀመሪያዬ ነው።»

«ሌሊት ብቻ?» አለ ሰንጀር። መልስ ሳይጠብቅ ወረደ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበ፤ ያኩትንም ከነሰንሰለቱ አስመጣው።

«ይህ ብቸኛ በር በጁምዓ አዛን ከውጭ ይቆለፋል» አለ። «ታዲያ ያኩት በየት ወጣ?»

«በረኛው የእናንተው ሰው አይደል!» አለ ኒኮሎ። «ከፍቶለት ይሆናላ።»

«መልካም፤ የእኛን ሰው አትመን። የእናንተን እንጠይቅ። ቶኒን በሩን ሲደበድብ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። በመስኮትህ አይተህ ቢሆን መጀመሪያ የምታየው እሱን ነበር፤ አንተ ግን በሩን ባዶ አደረግኸው። ስለዚህ መስኮቱ ጋ አልነበርክም። ዞርዚ በሩ ሲቆለፍ በሕይወት ነበር፤ ሲከፈት ሞቷል። በመካከሉ የገባም የወጣም የለም። ውስጥ ከቀራችሁት ሁለቱ በሩ ላይ ሲጨቃጨቁ ነበር። አንተስ?»

«የሰካራም ዳቦ ጋጋሪ ወሬ!»

«ሁለተኛው ምስክር ግን አይጠጡም።» ሰንጀር ወደ ቆንስሉ ዞረ። «ባዶ በር እንዳላየ ከትናንት ጀምሮ ያውቃሉ።»

ፋንቲን ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ነጋዴዎቹ አፈጠጡበት።

«ጌታዬ፣ ዝም ይበሏቸው!» አለ ኒኮሎ። «ዞርዚ ሱልጣኑ በቆረጠው ውድ ዋጋ በርበሬ ላለመግዛት የተማማልነውን አፍርሶ ሊገዛ ነበር። እርስዎ ራስዎ ከሃዲ ብለውታል! ለሁላችንም ብዬ ነው!»

«ለአንድ ደላላ ብለው ወገንዎን ይሸጣሉ?» ሲል አንዱ ነጋዴ ጮኸ።

ፋንቲን ያኩትን አየው፤ ቀጥሎም ሰንጀርን።

«አንተን እጠላሃለሁ» አለው። «ነገም እጠላሃለሁ። የገዛ ወገኔን ግን የምዳኘው እኔ ነኝ፤ ኒኮሎን እሰሩት። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፤ ወንጌል ጨብጬ እመሰክራለሁ። ያኩትን ፍቱት።»