የዳኛው ቤት የላይኛው ክፍል

የሙዚየሙ ኃላፊ ከእንጨት ደረጃው ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። አንድ እግሩ ሁለተኛው እርከን ላይ ቀርቷል፤ ከራሱ ሥር የፈሰሰው ደም ገና አልደረቀም። ቀድማ ያየችው አስጎብኚዋ ናት። ትኬት ቆርጠው ከኋላዋ ከገቡት ሁለት እህትማማቾች ታናሽየዋ ጮኸች።

ታላቅየዋ ግን አልጮኸችም። ሃያ ስድስት ዓመት በወንጀል መርማሪነት የሠራች ሴት ናት። ሁለት ቀን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ተንገላትታ እግሯ አብጧል፤ የዓመት ፈቃድ ከወጣችም ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው። «መንፈስ አለበት የሚባለውን ቤት ሳናይማ አናልፍም!» ብላ የጎተተቻት እህቷ ናት። ሬሳውን ስታይ ከሐዘንም ከድንጋጤም በፊት ድካም ተሰማት።

«እትዬ፣ እባክሽ እንሂድ» አለች ታናሽየዋ።

«አሁን መሄድ የለም» አለቻትና ጉልበቷን ይዛ ከሟቹ አጠገብ ቁጭ አለች።

አፍንጫው ላይ ወፍራም መስታወት ያለው መነጽር ተንጋዶ ቀርቷል። የደረት ኪሱ ውስጥ ሌላ፣ ቀጭን መነጽር አለ። የሁለት እጁ አውራ ጣቶችና ሌባ ጣቶች ነጭ ኖራ ነክቷቸዋል፤ ሌላ ልብሱ ግን ንጹሕ ነው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ ሳጅን መጣ። መታወቂያዋን ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሰዉ የፎቁ እመቤት ገፍታው ነው ይላል፤ እኔ አደጋ ብዬ ልጽፍ ነበር» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እርስዎ ካሉማ…»

«እረፍት ላይ ነኝ» አለች። ከዚያ ደረጃውን ሽቅብ አየችና ተነፈሰች። «በል፣ ማንም ከግቢው አይውጣ።»

ከሟቹ ሌላ ጠዋት ግቢው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። መጀመሪያ አስጎብኚዋን ወደ ትኬት መቁረጫዋ ክፍል ይዛት ገባች። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ መሐረቧን እየጠመዘዘች የምታለቅስ ሴት ናት።

«እስቲ የእመቤቲቱን ታሪክ ለጎብኚ እንደምትነግሪው አድርገሽ ንገሪኝ።»

«የዳኛው ሚስት ናት። አእምሮዋ ታወከና በገዛ ፈቃዷ ፎቅ ወጥታ፣ አልወርድም ብላ እዚያው ሞተች። እስከ ዛሬ ታቃስታለች ይባላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህንኑ ነው የማወራው።»

«ሌላ የሚወራ የለም?»

«ኧረ የለም።»

«ኃላፊሽ ለምን ሁለት መነጽር ያዘ?»

«ቀጭኑ ለሩቅ፣ ወፍራሙ ለማንበቢያ ነው። በማንበቢያው አንድ እርምጃ እንኳ አይራመድም ነበር፤ ወለሉ ይዋኝብኛል ይላል። ተነስቶ ሊሄድ ሲል ሁሌ ይቀይራል።»

አናጢውን ያገኘችው ጓሮ፣ ከመጋዙ አጠገብ ነው። ከጫማው እስከ ቅንድቡ ኖራ ለብሷል።

«የላይኛውን ክፍል ልስን እያፈረስኩ ነው፤ ሁለት ሳምንቴ» አለ። «ዛሬ ጠዋት ከግድግዳው ውስጥ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ወጣ። ክዳኑ በሰም የታሸገ ነው። ለኃላፊው እዚያው ፎቅ ላይ ሰጠሁትና እንጨት ልቆርጥ በጓሮው ደረጃ ወረድኩ።»

«ከፍተው አላዩትም?»

«እኔ ምን አገባኝ እናቴ? የሰው ዕቃ አልነካካም።»

«ሲወርዱ ማንን አገኙ?»

«መምህሩን። በጓሮ በር ሲገቡ ሰላም ብያቸዋለሁ። ሳጥን ማግኘቴንም ነገርኳቸው፤ ያያታቸው ቤት አይደል!»

መምህሩ የዳኛው የልጅ ልጅ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከሙዚየሙ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ይኖራሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጥቁር ኮታቸው ተተኩሷል፣ እጃቸው ታጥቦ ጠርቷል። ግድግዳቸው ላይ የዳኛው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል።

«ዛሬ ፎቅ ወጥተው ነበር?»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ደረጃውን አልረገጥኩም። አቧራው ደረቴን ያፍነኛል።»

«አናጢው ስለ አንድ ሳጥን ነግሮዎታል።»

«ነግሮኛል። ምን ይሆናል ብዬ ተውኩት።»

«ስለ ሴት አያትዎ፣ ስለ ዳኛው ሚስት፣ ቢያጫውቱኝ?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ይወለውሉ ጀመር። «ታማ ነው የሞተችው። ሐኪም ነው እረፍት ያዘዘላት። አያቴ በሰው ላይ ቁልፍ የሚቆልፍ ሰው አልነበረም። ይህን ይጻፉልኝ።»

መርማሪዋ ብዕሯን አላነሳችም። የምታየው መነጽራቸውን ነበር። የክንዱ ማጠፊያ ውስጥ፣ መሐረቡ የማይደርስበት ቦታ ላይ፣ ነጭ ነገር ተጣብቋል።

ከቀትር በፊት ሁሉንም በዳኛው ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ወንበሮቹ ላይ «አይቀመጡ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ እሷ ግን መከለያ የተዘረጋውን ገመድ አልፋ ተቀመጠች። እግሯ ከዚያ በላይ አልቻለም።

«ሟቹ በማንበቢያ መነጽር አይራመድም» ብላ ጀመረች። «የሞተው ግን እሱን እንዳደረገ ነው። ስለዚህ ደረጃ እየወረደ አልነበረም፤ ከደረጃው አፋፍ ላይ ቆሞ እያነበበ ነበር። በሁለት እጁ የያዘው ነገር ጣቶቹን ብቻ ኖራ አስነክቷቸዋል። ከግድግዳ የወጣ ነገር ማለት ነው። ሳጅን፣ ፎቅ ላይ ምን አገኘህ?»

«የተከፈተ ባዶ ሳጥን።»

«ወረቀቱ የለም። መንፈስ ደግሞ ወረቀት ይዞ አይሄድም። ስለ ሳጥኑ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አናጢው ወረቀቱን ቢፈልገው ኖሮ ለኃላፊው ሳይሰጥ በፊት ኪሱ ይከት ነበር።»

አናጢው በረጅሙ ተነፈሰ።

«መምህር፣ አያትዎ ቁልፍ እንደማይቆልፉ ነገሩኝ። ቆለፉ ብሎ የጠየቀዎት ማን ነው? እዚህ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተወራው በገዛ ፈቃዷ ወጣች ተብሎ ነው። መቆለፍን የሚያውቅ ያንን ወረቀት ያነበበ ሰው ብቻ ነው። እጅዎን ታጥበዋል፤ ለማንበብ ሲያደርጉት የነኩት መነጽር ግን ኖራው አለቀቀውም። ሁለት ሳምንት ፎቅ ላልወጣ ሰው ኖራ ከየት መጣ?»

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ኮታቸው የውስጥ ኪስ ሰደዱ። ሳጅኑ ደንግጦ ወደፊት ራመድ አለ፤ ያወጡት ግን አራት ታጥፎ ጫፉ የነጣ ወረቀት ነው።

«ላቃጥለው ነበር» አሉ። «ሴት አያቴ የጻፈችው ነው፤ ጽሕፈቷ የእናቴን ይመስላል። አልቻልኩም።»

«ምን ይላል?»

«አያቴ በስቅላት የቀጣው ሰው ንጹሕ እንደነበር ታውቅ ነበር። ወጥቼ እመሰክራለሁ ስትለው ቆለፈባት። አብዳለች ብሎም አስወራ።» ወረቀቱን ለሳጅኑ ሰጡት። «አርባ ዓመት ለተማሪዎቼ ፍትሕን ያስተማርኩት በእሱ ስም ነው። ኃላፊው ‹ነገ መግቢያው ላይ እሰቅለዋለሁ› አለኝ። እስቲ ልየው አልኩት፤ አልሰጥም አለ። ነጠቅኩት። እጁ ባዶ ሲሆን ወደ ኋላ ተንገዳግዶ ወደቀ። ልገድለው አልፈለግኩም።»

«ከወደቀ በኋላስ?»

«የሞተ መሰለኝ። በጓሮው ደረጃ ወረድኩ።»

«አልቀረቡትም?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ሳጅኑ ክንዳቸውን ይዞ አስነሳቸው፤ እሳቸውም እንደ ሕፃን ተከተሉት።

ሁሉም ሲወጡ አስጎብኚዋ ከበሩ አጠገብ ቀረች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ኢንስፔክተር፣ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። ጠዋት ልወለውል መጥቼ የፊት በሩን ልከፍት ስል ውስጥ የሚያቃስት ሰማሁ። ረዘም ያለ ማቃሰት። እሷ ናት ብዬ ቁልፉን ነቅዬ ሮጥኩ። ጎብኚ እስኪመጣ ብቻዬን አልገባም ብዬ ትኬት መቁረጫዬ ውስጥ ራድዮ ከፍቼ ተቀመጥኩ።» መሐረቧን ጠመዘዘች። «ያኔ ገብቼ ቢሆን ይተርፍ ነበር?»

መርማሪዋ የሟቹን ግራ እጅ አይታለች። ጥፍሮቹ ሥር የወለሉ ቀለም ገብቷል፤ ሰውየው ወደ በሩ ለመሳብ ሞክሯል። ሬሳውን የሚመረምረው ሐኪም ነገ ይህን ይጽፈዋል፤ ከነገ ወዲያ ከተማው በሙሉ ያነበዋል።

የሴትየዋን ዓይን አየች። ውሸቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ለመናገርም ቀላል ነበር።

«ይተርፍ ይሆናል» አለቻት።

አስጎብኚዋ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለች። መርማሪዋ ያበጡ እግሮቿን እየጎተተች አጠገቧ ተቀመጠችና እጇን ያዘች። ውጭ የሚጓዙበት አውቶቡስ ጡሩንባ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ እህቷም ከግቢው ተጣራች። እሷ ግን አልተነሳችም።