የትናንቱ የደም ትርታ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2119 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በዓባያ ሐይቅ ላይ በተንሳፈፈው ሆስፒታል አራተኛ ክፍል የነበሩት ደም አድማጩ እንዳሻው፣ ሲስተር ትርሲት፣ አሥር ታማሚዎችና ደጀን ናቸው። ደጀን ሰው አይደለም፤ ክፍሉን የሚያስተዳድር ማሽን ነው። ቢሆንም ጠዋት ስም ሲጠራ እሱም ይጠራል፣ "አለሁ" ይላል።

እንዳሻው ጓንቶቹን አጠለቀ። አሥሩ ጣቶቹ አሥሩ አልጋዎች ናቸው። በየታማሚው ደም ውስጥ ጠራጊዎች ይዋኛሉ፤ ጠራጊ የሚባሉት ከደም ሕዋስ ያነሱ፣ የረጋ ደም ሲያገኙ እየፈረፈሩ የሚያጸዱ ደቃቅ ማሽኖች ናቸው። ያገኙትን ሁሉ ወደ ጓንቱ ይልካሉ። ደሙ በደንብ ሲፈስ ጣቱ ይሞቃል፣ ትርታውም ይሰማል። ደሙ ሲረጋ ጣቱ ይቀዘቅዛል። ታማሚዎቹን ሁሉ በያዛቸው በዚህ በሽታ የሚያስፈራው ትኩሳቱ አይደለም። ቫይረሱ ሳንባን ካቃጠለ በኋላ፣ ትኩሳቱ በርዶ ዘመድ "ተመስገን፣ ተሻለው" ሲል፣ ደም በየሥሩ መርጋት የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

የግራ እጁ ሌባ ጣት ሰባተኛ አልጋ ነበር። እዚያ የተኛችው ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ይርገዱ ናት። ከገባች ስድስተኛ ቀኗ ነው። በገባችበት ዕለት እጁን ይዛ፣ "ደሜ የረጋ እንደሆነ ከአንተ አፍ ልስማው። ሐኪም አይንገረኝ። አጠገቤ ቁጭ በልና ቁርጡን ንገረኝ" ብላ አስምላዋለች።

"ቁርስህን ብላ" አለው ደጀን።

"አልራበኝም።"

"ብላ እንጂ።"

ትርሲት ፍርፍርና እንቁላል በሳህን ይዛ ገባች። በሌላ ቀን በእንቁላሉ የምትጣላው እሷ ነበረች። ዛሬ ሁሉንም ወደ እሱ ገፋችለት።

"ምን ነካሽ? ልትድሪኝ ነው?"

"ማን ይወስድሃል፣ ጣትህ ሁሉ በሰው ደም የተያዘ! ዝም ብለህ ብላ።" ሳቀች። ዓይኑን ግን አላየችውም።

በላ። ጣዕሙን አላወቀውም። እዚያ ክፍል ብዙ ጣት ሲቀዘቅዝበት ኖሯል፤ መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ፣ ቀጥሎ ማልቀስ ተወ፣ ቀጥሎ ምግቡ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነበት።

ስልክ ጮኸ። የሦስተኛ አልጋ እናት ናቸው።

"ልጄ እንዴት አደረ?"

ሦስተኛው ጣት ከንጋት ጀምሮ እየቀዘቀዘ ነበር። "ደህና አድሯል፣ እማማ። ተኝቷል" አላቸው። ስልኩን ዘግቶ፣ "ደጀን፣ ለታላቅ ወንድሙ ደውልለት። ቤት ሄዶ ቀስ ብሎ ይንገራቸው" አለ።

"እሺ" አለ ደጀን። "እንደ ሁልጊዜው።"

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰባተኛ አልጋ ሳቀች። ሳቅ በጣት ላይ ይታወቃል፤ ትርታው ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘላል፣ ከዚያ ሳል ይከተለዋል። ትናንት ከሰዓት በኋላ እንዲሁ ስቃ ነበር፤ አዞ የወጥ ቤቱን ኃላፊ ነጠላ ጫማ ከመሰላሉ ላይ ነጥቆ መሄዱን እሱ ሲነግራት። ዛሬ ማን አሳቃት ብሎ አሰበ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግማ ሳቀች። ያው ፍጥነት፣ ያው ዝላይ፣ ያው ሳል።

"ደጀን፣ ይሄ የዛሬ ደም ነው?"

"የትናንት ነው። ከትናንቱ ሁሉ ጥሩውን ሰዓት መረጥኩልህ።"

"የዛሬውስ?"

"ለአንተ ገና አይነገርም።"

"እኔ እኮ አድማጩ ነኝ!"

"ዘመድም ነህ። ዘመድ በድንገት፣ ብቻውን፣ በባዶ ሆዱ አይነገረውም። ስምንት ዓመት ስትሠራ ያየሁት ይህንን ነው። አጎትህ አቶ ሞላልኝ ከአርባ ምንጭ በጀልባ ተነሥተዋል። አምስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ፤ እሳቸው ይነግሩሃል።"

እንዳሻው ወደ ትርሲት ዞረ። "ታውቂ ነበር?"

"ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ።" ሳህኑን አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠችው። "ጠራጊ ጨምረናል። ዶክተሩ የደም ማቅጠኛውን ከፍ አድርጎላታል። አንዱን ሲፈረፍሩ ሌላው ይረጋል፣ የረጋው ደም ሳንባዋ ደርሷል። ምን ላድርግ፣ እንዳሽ? ደጀን መጀመሪያ ቁርስ ይብላ አለኝ፤ እኔም ይብላ አልኩ።"

"ነቅታለች?"

"ነቅታለች። ስለ አንተ ስትጠይቅ ነው ያረፈደችው።"

መቆጣት እንዳለበት አወቀ። ቁጣው ግን አልመጣም። "እውነተኛውን ስጠኝ" አለ። የግራ ሌባ ጣቱ ወዲያው በረዶ ሆነ።

ረጅሙን ኮሪደር አልፎ ገባ። ይርገዱ ትራስ ተደግፋ በአጭር በአጭሩ ትተነፍሳለች።

"የት ቆየህ?"

"ቁርስ ስበላ።"

"ጎሽ።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ደሜ እንዴት ነው?"

አጠገቧ ቁጭ አለ። የማለላትን አስታወሰ፤ ቃሉም አፉ ላይ ነበር። "ደህና ነሽ፣ እትዬ" አለ። "ነገ ትነሻለሽ።"

ፊቱን አየችው።

"አባባ የሞተ ጊዜ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ገበያ ሄዷል ስልህ... ፊቴ እንዲህ ነበር?"

"እንዲህ ነበር።"

"ታውቅ ነበር እንዴ?"

"ከመጀመሪያው ቀን።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"አንቺ እንዳትጨነቂ።"

ልትስቅ ሞከረች። ጣቱ ላይ ምንም አልመጣም። ደጀን ከእሱ ተማረ፣ እሱ ከእሷ ተማረ፤ እሷ ከማን እንደተማረችው ጠይቋት አያውቅም፣ አሁንም አልጠየቃትም። ጓንቱን አውልቆ እጇን ያዘ። በባዶ እጅ ሲይዙት እጇ ሙቅ ነበር።

አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ይርገዱ ሞተች።

አምስት ሰዓት ላይ አቶ ሞላልኝ ከጀልባው ወረዱ። መከላከያ ልብስ አልብሰው ወደ አድማጩ ክፍል አስገቧቸው። ትርሲት ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት እንዳሻው በዓይኑ ከለከላት። ሽማግሌው በውሃ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ንግግራቸውን ሲያዘጋጁ እንደመጡ ከፊታቸው ያስታውቃል።

"ቁጭ በል እስቲ፣ ልጄ" አሉት። "ቁርስ በልተሃል?"

"በልቻለሁ፣ ጋሼ።"

"ደግ አደረግህ።" ስለ መንገዱ አወሩት፣ ስለ ሐይቁ ማዕበል አወሩት። ይርገዱ ትንሽ እንዳመማት ነገሩት፤ ቀጥሎ ትንሹ እንደባሰ ነገሩት። እንዳሻው ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ። በመጨረሻ እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው መሞቷን ነገሩት።

እንዳሻው ያን ጊዜ አለቀሰ።